ሁለት ምሰሶ

ወንዙ መካከል ሁለት የሲሚንቶ ምሰሶዎች ቆመዋል፤ በላያቸው ግን ድልድይ የለም። በሦስት ክረምት ውስጥ የተጠቀመባቸው ሳቢሳ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ክንፍ አለው።

ውባየሁ ዋርካው ሥር ከተሰበሰበው ሰው ዳር ቆማ እነሱኑ ታያለች፤ እግሯ አንድ ቦታ አልረጋ ብሏታል። ወረታ ከተማ ያለው ትምህርት ቤቷ ከወንዙ ማዶ ነው። ወንዙ ሲሞላ በደንገል ታንኳ ትሻገራለች፤ ሲብስበት ትቀራለች። አምና መስከረምና ጥቅምትን ውሃ በልቶባት ስምንተኛን ደግማለች።

ከወረዳ የመጣው ሰውዬ ላቡን ጠረገ። «እውነቱን ልንገራችሁ። አገራችን ብዙ ብድር አለባት፤ ወለዱ በጀቱን እየበላው ነው። ለድልድዩ የተያዘውም ወደዚያው ሄደ። እንግዲህ እያንዳንዱ አባወራ ድርሻውን ይበደርና ድልድዩን እንጨርስ። መክፈያው ዐሥር ዓመት ነው። አይዟችሁ፣ ዕዳው ገብስ ነው!»

«እኛ ዘንድ ገብስ አይበቅልም፤ ሩዝ ነው» አለች ውባየሁ።

ሰው ሳቀ። አባቷ አቶ ቢሻው ግን ገላመጧት።

«ዕዳን በዕዳ ማጠብ ይቻላል እንዴ፣ ልጄ?» አሉ መሪጌታ ገብረ ሐና ሰውዬውን። ሰውዬው የብድር ውሉን ከቦርሳው አውጥቶ ዘረጋ።

ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ውስጥ ፊደል ያልቆጠረ ሰው፣ የሰፈሩ ልጅ ጮክ ብሎ ሳያነብለት አውራ ጣቱን ወረቀት ላይ አያሳርፍም። ተራው የአቶ ቢሻው ነበር፤ ጣታቸው ቀለም ነክሶ ዝግጁ ሆኗል። አንባቢዋ ልጃቸው ናት።

ጀመረች። የላይኞቹ መስመሮች እንደ ድግምት የማይገቡ ነበሩ። መጨረሻው ግን ግልጽ ነበር። «ተበዳሪው... በሕይወት ባይኖር... ወራሹ ይከፍላል።»

አባቷ ሰባ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል፤ ሌሊቱን በሳል ነው የሚያነጉት። የመክፈያውን ዐሥር ዓመት ደመረችበት። ድልድዩን ከማንም በላይ የምትፈልገው እሷ፤ ከፋይዋም እሷ። የጠየቃት ግን የለም።

«በይ ላትምበት» አሉ አባቷ። «የምትሻገሪበት አንቺ አይደለሽም?»

«እሱማ እሻገርበታለሁ፣ አባ። የመጀመሪያውን የአገር ብድር የተበደሩትም ‹ልጆቻችን ይሻገሩበታል› ሳይሉ አልቀሩም። የት እንደደረሰ ምሰሶዎቹን ይጠይቋቸው!»

ይህን ብላ እስክሪብቶዋን አወጣች። «ከፋይዋ እኔ ከሆንኩ፣ የምጠይቀውን ጠይቄ እኔው ልፈርም።»

ሰውዬው ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። «ዕድሜሽ ስንት ነው?»

«ዐሥራ አምስት።»

«እንግዲያማ ዘወር በይ። ለመፈረም አልደረስሽም።»

«ለመክፈልስ?»

አሁን የሳቀ የለም። በጉና ተራራ በኩል ሰማዩ እየጠቆረ ነው፤ ባለታንኳው ታንኳውን ወደ ዳር ይጎትታል። የአቶ ቢሻው አውራ ጣት ከወረቀቱ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቆሟል፤ አይወርድም፣ አይመለስም። ዐይናቸው ከልጃቸው ላይ አልተነሣም። ጣታቸው ላይ ያለው ቀለም በነፋሱ መድረቅ ጀምሯል።