መቶ ሃያ ፊደል

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ወጣሁ። አውቶቡሱ ሞልቶ ስለነበር ቆሜ ሄድኩ። ቤተ መጻሕፍቱ ስደርስ በጓሮ በር ገባሁ፤ ኮቴን ሰቀልኩ፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ኮምፒውተሩን አበራሁና እስኪነሣ ድረስ ጠረጴዛዬን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩ። ሁለት ሰዓት ላይ የኮምፒውተር ባለሙያው አንገቱን በበሩ አስግጎ ሰላም አለኝ። አሮጌው ፕሮግራም ስድስት ሰዓት ላይ እንደሚዘጋና ከዚያ በኋላ የምንሠራው በአዲሱ ብቻ እንደሆነ አስታወሰኝ። አውቃለሁ አልኩት። ባውቅም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ። መሳቢያ ከፍቼ ዘጋሁ። መዝገባቸው የታረመ መጻሕፍትን ከአንዱ ጋሪ ወደ ሌላው አዛወርኩ፤ መልሼም አመጣኋቸው።

ሥራዬ ካታሎግ ነው። አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ ርእሱን፣ የጸሐፊውን ስምና የመደርደሪያውን ቁጥር መዝግበን አንባቢ እንዲያገኘው እናደርጋለን። አሥራ ስድስት ዓመት በዚህ ክፍል ሁለት ሆነን ሠርተናል፤ ባለቤቴ ይመዘግባል፣ እኔ አርማለሁ። ከሞተ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነው።

በእያንዳንዱ መዝገብ ላይ አንባቢ የማያየው፣ ለሠራተኛ ብቻ የሚታይ አንድ ሳጥን አለ፤ የውስጥ ማስታወሻ ይባላል። ሌላው ሰው ባዶውን ትቶት ያልፋል። እሱ ግን ይጽፍበታል። ይህ ቅጽ ሲጠረዝ ሦስተኛው ምዕራፍ ከሁለተኛው በፊት ገብቷል፤ ይህን የሚጠይቅ ተማሪ የሚፈልገው የቀድሞውን እትም ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር። ከሥራው ጉዳይ በኋላ ደግሞ፣ መዝገቡን የማርመው እኔ ስለሆንኩ፣ ለእኔ አንድ ሁለት መስመር ይጨምራል። «ይህን ስታርሚ መነጽርሽን አድርጊ፤ ትናንት ስምንቱን ሦስት ብለሽ አልፈሻል።» ጠረጴዛዎቻችን ፊት ለፊት ነበሩ። ሊነግረኝ ቢፈልግ ቀና ማለት ይበቃው ነበር።

ከወር በፊት ባለሙያው የአሮጌው ፕሮግራም ሳጥኖች በሙሉ የተዘረዘሩበት ወረቀት አምጥቶ በየትይዩው «ይተላለፍ» ወይም «ይቅር» ብለን እንድንሞላ ጠየቀ። ልንሞላው ተሰብስበን የውስጥ ማስታወሻው ጋ ስንደርስ፣ በአዲሱ ፕሮግራም የሁሉም ቅርንጫፍ ሠራተኞች እንደሚያዩት ነገረን። ኃላፊያችን አብራኝ የተማረች ሴት ናት፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እኔ እንደፈቀድኩ ይሁን አለች። በሽተኛ የሚያናግሩበት ድምፅ ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ፣ ለሥራ የሚጠቅም ነገር የለበትም አልኩና «ይቅር» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩም። የእሱን ቃል የየቅርንጫፉ ሰው ሁሉ እንዲያነበው አልፈለግኩም። እኔ ራሴ ከሞተ ወዲህ አንዱንም አልከፈትኩም። አንድ ቀን፣ ልቤ ሲረጋ አነበዋለሁ እያልኩ ነበር።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጋሼ መሰላል መጡ። የመደርደሪያው ክፍል ሠራተኛ ናቸው። ቁመታቸው አጭር ስለሆነና ከመሰላል ስለማይወርዱ ነው ስሙ የወጣላቸው፤ እሳቸውም ስልክ ሲያነሱ መሰላል ነኝ ይላሉ። አንዲት ተመራማሪ የቆየ የጉድጓድ ውሃ ጥናት ፈልጋ ከጠዋት ጀምሮ ታች ተቀምጣለች። ታች ያለው ኮምፒውተር ከትናንት ጀምሮ የሚያሳየው አዲሱን ፕሮግራም ብቻ ነው፤ እሱም መደርደሪያ ሰባት ላይ ነው ይላል። ጋሼ ሰባትን ሁለት ጊዜ ወጥተው ወርደዋል፤ የለም።

«ማሽኑስ ጥሩ ነው» አሉ ወንበር እየሳቡ። «ውሸቱን እንኳ ቶሎ ነው የሚናገረው።»

በአሮጌው ፈለግኩላቸው። ማስታወሻው ወጣ፤ ቅጹ ከመደርደሪያው ስለሚረዝም በካርታዎቹ መሳቢያ ውስጥ፣ ከታች ሁለተኛው ላይ ተኝቷል ይላል። ዓይኔን እዚያው አቆምኩት፤ ከሥሩ ወዳለው አላወረድኩትም።

ጋሼ እፎይ አሉ። ነገር ሲጠፋቸው ሁሉም ያንን ሳጥን እንደሚያዩ፣ የብድር መስጫዋም ልጅ፣ የመጽሔት ክፍሉም ሰው እንደዚያ እንደሚያደርጉ ነገሩኝ። ይህን አላውቅም ነበር። ፊቴን ሳያዩት አልቀሩም።

«ከሥር ያለውን አናነብም፣ ልጄ» አሉ። «እሱ ያንቺ ነው። እናልፈዋለን።»

ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ከዚያ በአዲሱ ላይ ማስታወሻው የት እንደሚገኝ ጠየቁኝ። እንደማይገኝ ነገርኳቸው። ማን አስቀረው አሉ። እኔ አልኩ። ጋሼ ተነሡ፣ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሱ፤ ያቺ ተመራማሪ እየጠበቀች ነው ብለው ወጡ።

ደረጃውን ሁለት ሁለት እያልኩ ወደ ባለሙያው ወጣሁ። ሳይናደድ ሰማኝ። ፈርመውበታል እኮ አለ፤ ቀጥሎም ሁለት መንገድ እንዳለ አስረዳኝ። አሮጌው ፕሮግራም ራሱ የሚያወጣው ሪፖርት ከእያንዳንዱ ማስታወሻ የመጀመሪያውን መቶ ሃያ ፊደል ብቻ ይሰጣል፤ እሱን አውጥቶ አዲሱ ላይ ማስገባት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ሙሉው ከተፈለገ ከሰርቨሩ ላይ በእጅ መቅዳት አለበት። ለዚያ መዝጊያው ወደ ነገ መዛወር ይኖርበታል፤ ኃላፊዋም ምክንያቱን ገልጻ መጠየቅ አለባት። አንዴ ከተዘጋ ዲስኩ ይጠረጋል፤ ያልተቀዳው ሁሉ ይጠፋል።

«ከመቶ ሃያ በላይ ያለው ያስፈልጋችኋል?» አለኝ።

ለኃላፊዋ ልንገራት አልኩ። በኮሪደሩ ላይ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተመለስኩ፤ ደግሞ ቀጠልኩ። ቢሮዋ ስገባ ቆሜ፣ ተሳስቻለሁ አልኳት፤ ማስታወሻው ለሥራ የግድ ነው። ምንም አልወቀሰችኝም፤ ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ስለ ሁለቱ መንገድ ስነግራት ስልኩን አነሣች።

«ለነገ እንዲያዛውሩት አሁኑኑ እጠይቃለሁ። ምክንያቱን ብቻ ንገሪኝ። ምን ልበላቸው?»

ሰዓቷ አራት ተኩል ይላል። ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ያለኝ ምክንያት፣ ከመቶ ሃያኛው ፊደል በኋላ ያለው ለእኔ የተጻፈ ነው የሚል ብቻ ነው። እሷም ወዲያው ያንን የበሽተኛ ማናገሪያ ድምፅ ታወጣለች፤ ከዚያም ለማላውቀው ሰው በስልክ ትደግመዋለች።

«የመደርደሪያው ነገር ሁልጊዜ ከፊት ነው የሚጻፈው» አልኳት። «የመጀመሪያው ይበቃል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ስልኩን አስቀመጠችው።

ወደ ክፍሌ ተመልሼ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። የቻልኩትን ያህል እገለብጣለሁ ብዬ ነበር። ማስታወሻዎቹ አራት ሺህ አንድ መቶ ናቸው። ከየት እንደምጀምር አላውቅም፤ የመጣልኝን ከፈትኩ። ስለ ወንበር ነበር፤ እግሩ እንደሚወዛወዝ ጽፏል፣ ማታ ሁላችሁም ስትወጡ አጠብቀዋለሁ፣ አንቺ ግን እንዳላወቅሽ ሁኚ ይላል። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። ተነሥቼ መስኮቱን ዘጋሁ፤ መልሼ ከፈትኩት። የብድር መስጫዋ ልጅ የተመለሱ መጻሕፍት ይዛ ገባችና ስለ ባርኮዱ ጠየቀችኝ፤ ስክሪኑን አዙሬ መለስኩላት። ሌላ ከፈትኩ። ስልክ ጮኸ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ወረቀቱ ላይ የወንበሩ መስመር እንኳ አልነበረም፤ ስክሪኑ ላይ ፕሮግራሙ መዘጋቱን የሚገልጽ ሳጥን መጣ።

ከሰዓት በኋላ በአዲሱ ፕሮግራም ገብቼ አየሁ። ባለሙያው ሥራውን በደንብ ሠርቷል። ማስታወሻዎቹ ሁሉም በየመዝገባቸው ገብተዋል፤ ጋሼ መሰላልም ሁለት መጽሐፍ በእነሱ አገኙ። ጥቂቶቹ መጨረሻቸው ላይ «ደግሞ አንቺ» ይሉና ይቆማሉ።

ለእኔ የጻፈው የትም የለም።