ቅጹ ላይ የሌለው ግድግዳ

ግንበኛዋ የእናቷን የጭቃ ቤት በአንድ ክፍል ለማስፋት ፈቃድ ልታወጣ ሄደች። የፈቃድ ክፍሉ ጸሐፊ ቅጹን አገላብጦ፣ «እህቴ፣ ግድግዳ በሚለው ስር ድንጋይና ብሎኬት እንጂ ጭቃ የለም» አላት።

«ክልክል ነው ማለት ነው?»

«ክልክልማ አልተባለም።»

«እንግዲያው ተፈቅዷል!»

«እሱም አልተባለም።»

ነገሩ ዞረባት። «ወንድሜ፣ የእናቴ ግድግዳ አርባ ክረምት ችሏል። ሕጉ ካላወቀው አንድ መስመር ጨምሩለት» አለችና ከጭድ ጋር አቡክታ ያደረቀችውን የጭቃ ጡብ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

ጸሐፊው በቡጢ መታው፤ ጡቡ ምንም አልሆነም፣ እጁን ግን አመመው። ራሱን እያከከ ከብሎኬት ስር «ጭቃ» ብሎ በእስክሪብቶ ጨመረና ማኅተም መታበት።

«አሁን ተፈቀደልኝ?»

«እኔ እንጃ፤ ማኅተሙ ግን የእኛ ነው።»

ደስ ይበላት ይክፋት ሳታውቅ ወረቀቱን ይዛ ወጣች፤ በማግስቱ ግን ጭቃውን አቦካች።