አሻጋሪዎቹ

የአንድ የውጭ ድርጅት አስተርጓሚ የሆነው ወንዳፍራሽ ኢታንግ ስደተኞች ጣቢያ ድረስ ስልክ ደውሎ «ማማ ኛሙት፣ ለሽግግሩ ድጋፍ ተመርጠሻል፤ ማክሰኞ ጋምቤላ ነይ» ያላት ጊዜ፣ ኛሙት ስልኩን እንኳ ሳትዘጋ እናቷን «ተነሺ፣ ልንሻገር ነው» አለቻት።

አማርኛን የተማረችው ዓሣ ስትገዛ ከታንኳ ቀዛፊዎች ነው። በእነሱ አፍ መሻገር ማለት ወንዙን መሻገር ነው፤ ሌላ ሽግግር አታውቅም። አሮጊቷ «አገሬ አግቢኝና ልሙት» ባለች ቁጥር፣ ሦስት ዓመት ሙሉ «ማዶ ምርጫው ይደረግና እንገባለን» እያለች አቆይታታለች። ዘንድሮ ግን የአሮጊቷ ጉልበት ከዳት።

ማክሰኞ ጠዋት ኛሙት እናቷን ደግፋ፣ ድስትና ምንጣፍ ተሸክማ፣ ሁለት ዶሮ አንጠልጥላ ጋምቤላ፣ ስብሰባው ያለበት ሆቴል በር ላይ ደረሰች።

«ዶሮ አይገባም» አላት ዘበኛው።

«የነሱም አገር ማዶ ነው» ብላው ገባች።

አዳራሹ ውስጥ የድርጅቱ ፈረንጅ ግድግዳው ላይ ሥዕል እያበራች ታወራለች። ከማዶ የመጣው ስደተኛ ኑዌርም አኙዋክም ስለሆነ፣ ወንዳፍራሽ ሁሉም በሚሰማው አማርኛ ይተረጉማል።

«ዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ ከጎናችሁ ነው!»

ኛሙት ጎኗን አየች። ያለችው እናቷ ናት።

እስከ ምሳ ድረስ ሽግግር፣ ሽግግር ተባለ፤ ታንኳ ያለ አንድ ሰው የለም። ብስኩት ተበላ። ቲሸርት ታደለ፤ ወንዳፍራሽ የቲሸርቱ ደረት ላይ የተጻፈውን «ሽግግሩን እንደግፍ» ብሎ አነበበላቸው። ይኼኔ ኛሙት ተነሣች።

«አንተ ወንዳፍራሽ፣ እስቲ ጠይቅልኝ። በስንት ሰዓት ነው የምታሻግሩን? እናቴ ፀሐይ አትችልም።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

«ማማ፣ የወንዝ አይደለም እኮ! የመንግሥት ሽግግር ነው። ለምርጫው ነው የምናዘጋጃችሁ።»

«ታዲያ ምርጫው መቼ ነው?»

ጠየቀላት። ፈረንጇ ወረቀቷን አገላብጣ አንድ ነገር አጉረመረመች። ወንዳፍራሽ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ምርጫው… ለሁለት ዓመት ተሸጋግሯል።»

የሚስቅ ጠፋ።

«አሃ፣ አሁን ገባኝ» አለች ኛሙት። «ለካ የምታሻግሩት ምርጫውን ነው! እሱማ ጉልበት አለው፣ በየዓመቱ ይሻገራል። ጉልበት ያጣችው እናቴ ናት።» ቲሸርቱን እናቷ ላይ አጠለቀችው። «ልበሺ፤ ድጋፋቸው ይቺው ናት።»

«ማማ፣ ወዴት ነው? ከሰዓት የኮሮጆ ልምምድ አለ!»

«በባዶ ኮሮጆ አንተው ተለማመድ።»

አሮጊቷ በሩ ላይ ቆም አለች። «ምርጫው ደረሰ?»

«አልደረሰም። ቀድመነው እንሂድ።»

በማግስቱ ድንበሩ ላይ፣ ጂካዎ ወንዝ ዳር፣ ባለታንኳው ፓል አሮጊቷን አቅፎ ሲያስቀምጥ ዓይኑ ደረቷ ላይ አረፈ። ፊደል አያውቅም።

«ምን ይላል?»

«አሻግረኝ ይላል» አለች ኛሙት፣ ዶሮዎቿን ከእግሯ ሥር እየከተተች። «ቅዘፍ።»