ጓንት የማያውቀው እጅ

አባቴን መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚያውቀው ሁሉ «ጓንቴ» ይለዋል፤ ጓንት አጥልቆ ስለማያውቅ ነው። ሥራው ኬብል መቀጠል ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የኬብል መገጣጠሚያ በእጁ ጀርባ እየዳሰሰ፣ ከልክ በላይ የሞቀውን እየለየ፣ የፍተሻ ቅጹ ላይ «በእጅ ተዳስሷል» ከምትለው መስመር ፊት ለፊት ሲፈርም ኖሯል። እኔ ደግሞ መሐንዲስ ሆኜ መጣሁና አለቃው ሆኜ ቁጭ!

አዲሱ ኬብል ግን የአባቴን ሙያ ገደል ሊከተው ነው። ውስጡ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይዞራል፤ ሽቦው ከዜሮ በታች ሁለት መቶ ዲግሪ ገደማ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪኩ ምንም ሳይባክን፣ ሳይሞቅ ያልፋል። ቅዝቃዜው እንዳይወጣ እንደ ፔርሙስ አየር የሌለው ሽፋን አለው። ሰኞ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ጠርተው «የማይሞቅ ነገር ምኑ ይዳሰሳል? ያቺን መስመር ሰርዢያት፤ አባትሽም ዕቃ ግምጃ ቤት ይግቡ» አሉኝ። ረቡዕ ደረሰ፤ ለአባቴ ግን አልነገርኩትም። ፈሪ ነኝ፣ ምን ይደረግ።

የሙከራው ኤሌክትሪክ እንደተለቀቀ ኬብሉ ወዳለበት ዋሻ ወረድን። አባቴ የመጀመሪያውን መገጣጠሚያ ዳሰሰና ፊቱን አጨማደደ።

«አለቃ፣ ይሄ ሞቷል።»

«አልሞተም አባዬ። ሦስት ሺህ አምፔር እየሄደበት ነው።»

«ታዲያ ምነው ለብ እንኳ አላለ?»

ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ዳሰሰ። «ይሄም ሟች፣ ያም ሟች» እያለ ሲያጉረመርም ሠራተኞቹ ሳቃቸውን አፈኑ። እኔም ሳቅኩ።

ዘጠነኛው ላይ እጁ ቆመ። አንስቶ ሱሪው ላይ ጠረገና መልሶ አሳረፈው።

«ይሄኛው በርዶታል። ደግሞም አልቦታል።»

መቆጣጠሪያ ክፍል ደወልኩ፤ «ሁሉም ሰላም ነው» አሉኝ። የራሴን ጓንት አውልቄ እሱ የዳሰሰበት ላይ እጄን ሳሳርፍ በረዶ የነካሁ መሰለኝ። ሽፋኑ አየር እያስገባ፣ ቅዝቃዜውም እየሾለከ ነበር። ናይትሮጅኑ ገና ስላልሞቀ መለኪያዎቹ አላወቁትም። ትንሽ ቢቆይ ሽቦው ሞቆ ይቃጠል ነበር። ወዲያው ኤሌክትሪኩን አስቋረጥኩ።

ወጥተን ቅጹን ሰጠሁት።

«አባዬ፣ ያቺን መስመር…»

«ሰርዢያት ተብለሻል። ሰኞውኑ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?»

«አለቃዬ እስክትነግረኝ ነዋ! ሦስት ቀን ሙሉ ልትናገሪ አፍሽን ከፍተሽ መልሰሽ ስትዘጊው አንጀቴን በላሽው።»

እንባዬ መጣ። እሱ እንዳላየ ሆኖ ፈረመና እስክሪብቶውን ዘረጋልኝ።

«አንቺም ፈርሚ፣ ዳስሰሽ የለ እንዴ? እኔ ጡረታ ስወጣ ይቺን መስመር ማን ሊጠብቃት ነው?»

ልሰርዛት ከነበረችው መስመር ፊት ለፊት፣ ከፊርማው ሥር ፈረምኩ።