የቢረሳው ድምፅ

ጄኔቫና ዙሪክ የነበሩት ኢትዮጵያውያን ኦርቶዶክሶች ቢረሳውን «መሪጌታ» እያሉ ይጠሩት ነበር። መሪጌታ ግን አልነበረም። ጉለሌ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ዜማ ተምሮ፣ ዲቁና ተቀብሎ፣ ኋላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲቀጠር ከቅዳሴው ቀስ በቀስ የራቀ ሰው ነው። በ1969 ዓ.ም. ለስድስት ወር ሥልጠና ጄኔቫ መጣ። ሥልጠናው ሳያልቅ ሁለት የቢሮ ባልደረቦቹ መታሰራቸውን፣ ወዲያው ደግሞ አንደኛው መገደሉን ሰማና በዚያው ቀረ። ከብዙ ምልልስ በኋላ የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘው ዙሪክ ስለነበር፣ ኦፕፊኮን፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል አንሶላና ፎጣ ማጠብ ጀመረ። ሚስቱ ሕብስት ከሦስት ዓመት በኋላ በጅቡቲ በኩል ወጥታ መጣች።

ወደ ዜማው የተመለሰው በስደት ነው። ጄኔቫ ያሉት ምእመናን የአንድ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ለምነው፣ በየወሩ መጀመሪያ እሑድ ይሰበሰቡ ነበር። ካህን የላቸውም። ለገናና ለፋሲካ ብቻ አባ ኅሩይ የሚባሉ መነኩሴ ከኢየሩሳሌም ይመጡላቸዋል። በቀሩት ወራት ጸሎቱን በዜማ የሚመራው ቢረሳው ነው፤ ለዚህ ሲል ከዙሪክ ሦስት ሰዓት በባቡር ይጓዛል። ድምፁም ድምፅ ነበር። ዝቅ ሲያደርገው ሆድ ያባባል፤ ከፍ ሲያደርገው አዳራሹ ይጠበዋል። ጾምና ጸሎት ከተዉ ዓመታት ያለፏቸው ሰዎች እንኳ እሱን ለመስማት ብቻ ከሎዛን ይመጡ ነበር። ቢረሳው ይህን ያውቃል። ማወቁንም ይወደዋል።

አጠገቡ ቆሞ ዜማውን የሚቀበለው ንዋይ፣ ዙሪክ አጠገብ ኡስተር በምትባል ከተማ የሚኖር፣ የዕቃ መኪና የሚነዳ ጎልማሳ ነው። ከልቡ ይጸልያል፤ ድምፁ ግን ደረቅ ነው፣ ዜማም ይሰብራል። በሰበረ ቁጥር ቢረሳው በጸሎቱ መካከል ዞር ብሎ ጮክ ብሎ ያርመዋል። አንዳንዴም በእጁ ምልክት ዝም ያሰኘዋል። ንዋይ አንገቱን ይደፋል።

አንድ እሑድ በባቡር ሲመለሱ ሕብስት፣ «ሰውየውን በሰው ፊት ባታሳፍረው ምናለበት?» አለችው።

«ዜማ እኮ ነው! የተሰበረ ነገር ለእግዚአብሔር ይቀርባል?»

«አንተ ስትጮህበትም እግዚአብሔር ይሰማል» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

በ1977 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ሲጋመስ ቢረሳው ጢሙን ሲላጭ አንገቱ ላይ እብጠት አገኘ። እንቅርት መስሎት ናቀው። ሕብስት ግን ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችው። በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ከሳምንት በኋላ ውጤቱን ሊሰማ ብቻውን ሄደ።

ሐኪሟ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ነገር የማያስረዝሙ ሴት ነበሩ። «እብጠቱ ክፉ ነው፣ መውጣት አለበት» አሉት። «ችግሩ ድምፅዎን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከሱ ጋር መጣበቁ ነው። እናተርፈዋለን ብዬ ቃል አልገባልዎትም።»

«ባይወጣስ?»

«ሁለት ዓመት። ቢበዛ ሦስት።»

ቢረሳው ከፋሲካ በኋላ ልምጣ ብሎ ወጣ። ለሕብስት ሦስት ቀን ሳይነግራት ቆየ። በነገራት ጊዜም እሷ ያለቀሰችው ለነፍሱ ነው፤ እሱ ያዘነው ለድምፁ። ሆቴሉ ምድር ቤት፣ በማጠቢያዎቹ ጩኸት መካከል፣ ከእግዚአብሔር ጋር ይሟገት ጀመር። «የማገለግልህ በዚህ አይደለም ወይ? እኔ ዝም ካልኩ እዚህ አገር ማን አለህ?» ይል ነበር። አንሶላ እያጠፈ ይሟገታል፣ ፎጣ እየቆጠረ ይሟገታል።

ስቅለት ሚያዝያ 4 ቀን ዋለ። የፈረንጆቹ ፋሲካ ከሳምንት በፊት ስላለፈ አዳራሹ ለእነሱ ብቻ ተለቆ ነበር። ሰባ ያህል ሰው ከጠዋት ጀምሮ ጫማውን አውልቆ ሲሰግድ ዋለ። አባ ኅሩይ ያነባሉ፣ ቢረሳው ያዜማል፣ ሕዝቡ «ኪርያላይሶን» እያለ ይወድቃል፣ ይነሣል። ድምፁ እንደዚያን ቀን አምሮ አያውቅም። በዘጠኝ ሰዓቱ ጸሎት ላይ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ አየና፣ «ይህን ነው እንግዲህ የምትወስድብኝ» ብሎ በልቡ ተቆጣ።

ማታ ሲቃረብ ሰዉ ንስሐውን ሊቀበል ተሰለፈ። አባ ኅሩይ የየሰዉን ጀርባ በቅርንጫፍ መታ መታ እያደረጉ ምን እንደበደለ ይጠይቃሉ፤ እንደ በደሉም ስግደት ይጨምሩለታል። ወይራ ስላልተገኘ ቅርንጫፉ ከአዳራሹ አጥር የተቆረጠ ነበር። የቢረሳው ተራ ደረሰ።

«ምን በደልክ፣ ልጄ?»

«አባ፣ ድምፄን ሊወስድብኝ ነው» አለና በጥቂት ቃል ሕመሙን ነገራቸው።

አባ ኅሩይ እስኪጨርስ ሰሙት። «እግዚአብሔር ይማርህ። ግን የጠየቅኩህ ምን በደልክ ብዬ ነው።»

ቢረሳው ግንባሩን ዝቅ አደረገ። ከኋላው የተሰለፉት ሰዎች እግራቸውን ሲቀያይሩ ይሰማዋል። በመጨረሻ፣ «ሳዜም የምሰማው ራሴን ነው» አለ። «አምላኬን የሰማሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።»

«አርባ ስገድ።»

«ሌላ የሚሉኝ የለም?»

«እኔ የለኝም። ስገድና እሱን ጠይቀው» ብለው ወደሚቀጥለው ሰው ዞሩ።

ማጽናኛ ጠብቆ አርባ ስግደት ተቀበለ። ተናዶ ወደ ጥግ ሄደ። ሰዉ ወንበር ሲያነሣ፣ ልጆች ጫማቸውን ሲፈልጉ፣ እሱ ይሰግድ ጀመር። ግንባሩ ወለሉን በነካ ቁጥር «ድምፄን ተውልኝ» ይላል። አሥር ላይ እንዲሁ። አሥራ አምስት ላይ እንዲሁ። ቀኑን ሙሉ ሲሰግድ ስለዋለ፣ ሃያ ካለፈ በኋላ ትንፋሹ አጠረና ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ አቃተው። «ድምፄን» ብሎ ይወድቃል፣ «ድምፄን» ብሎ ይነሣል። ቆይቶ እሱም ከአፉ ጠፋ። ሠላሳ ገደማ ላይ ወለሉ ላይ እንደተደፋ ትንሽ ዘገየ። ድምፁን እሱ እንዳልሠራው፣ ጉለሌ የጭቃ ቤት ውስጥ ሲወለድ አብሮት እንደመጣ፣ ያኔ አመሰግናለሁ እንዳላለ አሰበ። ይህን ከዚህ በፊት የማያውቀው ሆኖ አልነበረም። «ያንተው ነው» አለ። «እኔም ያንተው ነኝ። እንደ ወደድክ።» የቀሩትን ስግደቶች ይህን እያለ ጨረሰ። ብርሃን አላየም፣ ድምፅም አልሰማም። ሲነሣ ግን የሚሟገትበት ነገር አልነበረውም። ሕብስት ጫማውን ይዛ በሩ ላይ ትጠብቀው ነበር።

የፋሲካን ቅዳሴ አገለገለ። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባለው ማክሰኞ አንገቱን ተከፈተ። እብጠቱ ተጠርጎ ወጣ፤ ነርቩ አብሮ መቆረጥ ነበረበት። ሐኪሟ ራሳቸው አልጋው ድረስ መጥተው ነገሩት። ቢረሳው ሊመልስላቸው አፉን ሲከፍት የወጣው አየር ብቻ ነበር።

ሰጥቻለሁ ማለትና ሲወሰድ ማየት ለየብቻ ናቸው። ግንቦትን ጄኔቫ አልሄደም። ሰኔም ሲገባ ሰውነቱ አልጠና እንዳለው ለሕብስት በሹክሹክታ ነገራት።

«ፎጣ ለመሸከም ጠንቶ የለም ወይ?» አለችው።

«ሄጄ ምን ልሠራ?»

«እኔ አምስት ዓመት የሄድኩት ምን ልሠራ ነው? ድምፅ የለኝም፣ ዜማ አልችልም። ቆሜ እጸልያለሁ። አንተም ናና ቁም።»

ሄደ። ከፊት ሳይሆን ከኋላ፣ ከወንዶቹ መካከል ቆመ። ይመራ የነበረው ንዋይ ነው። ላብ በላብ ሆኖ ይመራል። ገና ከመጀመሪያው ሰበረው። የቢረሳው ጉሮሮ ሊያርም ተንቀሳቀሰ፤ ምንም አልወጣም። ሁለተኛ ሰበረ፣ ሦስተኛ ሰበረ። ቢረሳው ሌላ የሚያደርገው ስላልነበረው ቃሉን ይሰማ ጀመር። ሠላሳ ዓመት በአፉ የተመላለሰ ቃል ነው። ማረን ይላል። ከፊትህ አትጣለን ይላል። ሐዘንተኛውን አስበው፣ የታሰረውን አስበው፣ ከአገሩ የወጣውን አስበው ይላል። ስለ እሱ ነበር የሚናገረው፤ ስለተገደለው ባልደረባው፣ ዓመቱን ሙሉ በስዊስ ቴሌቪዥን ስለሚያዩት ረሃብተኛ ሁሉ ነበር። እንባው ወረደ። እጁን ዘርግቶ፣ ለማንም በማይሰማ ትንፋሽ፣ ከሕዝቡ ጋር «አሜን» አለ።

ጸሎቱ ሲያበቃ ንዋይ ራሱን እየነቀነቀ ወደ እሱ መጣ። «መሪጌታ፣ ይቅር በሉኝ፣ አበላሸሁት።»

ቢረሳው ጆሮው ድረስ ተጠግቶ፣ «ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ» አለው። «ዛሬ የጸለይኩት ባንተ ነው። ዜማውን ግን እናስተካክለዋለን፤ ቅዳሜ ቤት ና።»

ንዋይ ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከኡስተር ኦፕፊኮን ይመጣ ነበር። ቢረሳው በቀይ ብዕር ከየፊደሉ በላይ የዜማውን ምልክት ይጽፍለታል፤ ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ የት እንደሚያነሣ፣ የት እንደሚጥል ያሳየዋል። ሲሳሳት ጣቱን ያቆምና እንደገና ይጀምራሉ። ሁለት ዓመት ፈጀ። ንዋይ ድምፁ ሊያምር አልቻለም፤ ዜማው ግን ቀና።

ሕመሙ አልተመለሰም። ደርግ ሲወድቅ ብዙዎች ስለ መመለስ ሲያወሩ፣ ቢረሳው አሁንም አዳራሹን ከፍቶ ወንበር የሚያነሣ፣ ወለሉን የሚጠርግ፣ ከዚያም ከኋላ ቆሞ የሚጸልይ ሰው ነበር። አዲስ የመጡት ስደተኞች ለምን በሹክሹክታ እንደሚናገር ሲጠይቁ፣ ሕብስት «ታሞ ነበር» ትላቸዋለች። እሱ ግን ጊዜ ካላቸው ያስቀምጣቸውና ሁሉንም፣ የተመካበትንም የተሟገተውንም ሳይደብቅ፣ ቀስ ብሎ ይነግራቸዋል።