በላሊሴ ስም

ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር፤ ዓለም ገና ላይ የነሐሴ ካፊያ ይወርዳል፣ ከሰበታ በኩል የመጣው ጉምም የፋብሪካውን በር እስከ ግማሹ ውጦታል።

ሶያማ ገርባ ከሰው ኃይል ቢሮ ደጃፍ ቆማ ነጠላዋን ከሆዷ ላይ ገለጥ አደረገች። ሰባት ወር ተኩል ሸፍናው ነበር የሠራችው፤ ዛሬ ግን መታየት ነበረበት። አጠገቧ ባለው የስፌት መኪና የምትሠራው ሐኒ ከኋላዋ ገፋ አደረገቻት።

«ግቢ እንጂ ላሊ! ስትግደረደሪ እዚሁ በሩ ላይ እንዳትገላገይ፤ ጥበቃው አዋላጅ አይደለም።»

ላሊ ያለቻት ላሊሴ የሚለውን አቆላምጣ ነው። በዚህ ግቢ ሶያማ የሚባል ሰው የለም። በሥራ መታወቂያው፣ በደመወዝ ዝርዝሩ፣ በባንክ ደብተሩ ላይ ያለችው ላሊሴ ገርባ ናት። የሃያ ስድስት ዓመቷ ሶያማ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ ስም ስትጠራ «አቤት» ብላለች።

ላሊሴ የሞተች ታላቅ እህቷ ናት።

የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወይዘሮ አረጋሽ ክፉ ሰው አይደሉም። ለሠራተኛ የሚገባውን ደብቀው አያውቁም፤ እንዲያውም ሳይጠየቁ ይናገራሉ።

«እንኳን ደስ ያለሽ። ተቀመጪ እስቲ። ከመውለድሽ በፊት ሠላሳ የሥራ ቀን፣ ከወለድሽ በኋላ ዘጠና የሥራ ቀን። ደመወዝሽ እንዳለ ይገባልሻል። ይኼ ምጽዋት አይደለም፤ የሕግ መብትሽ ነው። አንገትሽን አትድፊ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ አረጋሽ።»

«ሁለት ነገር ታመጪልኛለሽ። አንደኛ፣ የመውለጃሽ ቀን የተጻፈበት የጤና ጣቢያ ወረቀት፣ በፋይልሽ ስም። ሁለተኛ፣ የዲጂታል መታወቂያ ቁጥርሽን። ባንኩ ቁጥር የሌለውን ሒሳብ አላንቀሳቅስም ብሎናል። ከመላው ሠራተኛ የቀረሽው አንቺ ነሽ። አሻራ መስጠት ያማል እንዴ?»

ወይዘሮ አረጋሽ ሳቁ። ሶያማም ሳቀች።

«በፋይሌ ስም» አለች።

«ታዲያ በማን ስም ይሆናል?»

ላሊሴ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ነበር። ቤቱ ሁለት ተማሪ መቻል ቢያቅተው ከስድስተኛ ያቋረጠችው ታናሿ ናት። ላሊሴ በሃያ ሁለት ዓመቷ በታይፎይድ ስትሞት ፋብሪካው አሥረኛ የጨረሱ ሴቶችን ይፈልግ ነበር። አርባዋ በወጣ ማግሥት አባታቸው ኦቦ ገርባ የምስክር ወረቀቱንና የቀበሌ መታወቂያውን ከሣጥን አወጡ። «እሷን አፈር በላት፤ የተማረችውን እንኳ አይብላው» አሉ። እህትማማቾቹ በመልክ ይቀራረባሉ፤ ፎቶግራፉን የተጠራጠረ አልነበረም። ኦቦ ገርባም በሁለተኛው ዓመት ልጃቸውን ተከተሉ፤ የሠሩትን ማፍረስ የሚችል ሰው አልቀረም።

እናቷ ሸዋነሽ በነገሩ ላይ ቃል አልተናገረችም። አንድ ሥርዓት ብቻ አወጣች፤ ቡራዩ ባለው ቤት ውስጥ የሟቿ ስም አይጠራም። ጎረቤት እንኳ «ያቺ ልጅ» ነው የሚላት።

በነጋታው ሶያማ ጤና ጣቢያ ሄደች። የእርግዝና ክትትል ካርዷ የወጣው በራሷ ስም ነው። በሦስተኛ ወሯ ካርድ ክፍል ስሟን ሲጠይቋት «ሶያማ» ያለችው ሳታስብ ነበር። ስለ ልጇ ብላ የገባችበት የመጀመሪያው ቢሮ ነው፤ መዋሸቱ ትዝ አላላትም። ጥፋቷ ይህ ሆነ።

አዋላጇ ሲስተር ራያ ሆዷን ለክታ፣ የልብ ምቱን አዳምጣ፣ ጓንቷን አወለቀች።

«ሲስተር፣ ካርዱ ላይ ያለውን ስም መቀየር ይቻላል?»

«ወደ ማን?»

«ወደ ላሊሴ።»

ሲስተር ራያ ለአፍታ አየቻት። «የኔ እናት፣ እኔ ሆድ እንጂ ስም አልመረምርም። ጠፋብኝ ብለሽ በመታወቂያ ሌላ ካርድ ብታወጪ ማንም አይዝሽም። ግን ልንገርሽ፤ ስትወልጂ የልደት ማሳወቂያውን የምሞላው ከካርዱ ነው። ቀበሌ ደግሞ ከእኔ ወረቀት ይገለብጣል። የልጁ እናት ካርዱ ላይ ያለችዋ ናት።»

«ኋላ አይስተካከልም?»

«በፍርድ ቤት። ፍርድ ቤት ግን ‹ለምን?› ብሎ ይጠይቅሻል።»

ሶያማ ይህችን «ለምን»ን ይዛ ወጣች። መልሱን የምታውቀው እሷ ናት፤ ለማንም የማትናገረውም እሷው።

ባሏ ሞቲ ሱሉልታ በሚገኝ የውኃ ማሸጊያ ይሠራል፤ የሚመጣው እሑድ እሑድ ነው። ልጅ ሳይወለድ ልብሱ ቤት አይገባም ስለሚባል፣ አንድ የሕፃን ብርድ ልብስ ገዝቶ እዚያው በሚያድርበት ክፍል አልጋ ሥር ሸጉጧል። ሶያማ ታውቃለች፤ እንዳላወቀች ሆናለች። ለአራስነቷ ሦስት ዶሮ ተጂ ከተማ ባለች አክስቱ ዘንድ ይቀለባል። የተዘጋጁት ይህንኑ ነበር። የቀረውን ሁሉ የጣሉት በሶያማ የወሊድ ፈቃድ ላይ ነው።

«ለእኔ የሚሰጡኝ ሦስት ቀን ነው» አለ ሞቲ። «ለአባት ሦስት ቀን! ታክሲ ስጠብቅ ያልቃል።»

ሶያማ አልሳቀችም። «እውነቱን ለእትዬ አረጋሽ ብነግራቸውስ?»

«በሰው ወረቀት የገባ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰናበታል። ያቺን የመጋዘኗን ልጅ በቀትር አስወጧት ብለሽ የነገርሽኝ ራስሽ አይደለሽ?»

«ዝም ብዬ ብወጣስ?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሞቲ ድምፁን ከፍ ማድረግ ነበረበት፤ ቢሆንም ዝቅ አድርጎ ተናገረ። «የእኔን ደመወዝ የቤት ኪራይ ይበላዋል። እኛ የምንበላው ያንቺን ነው፣ ሶዬ።»

«አሻራ አንዴ ከሰጠሁ በሌላ ስም አይቀበሉኝም። ላሊሴ ሆኜ እቀራለሁ።»

«ሕፃን ስም አይጠባም» አለ። ይህን ሲል ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር።

በሳምንቱ ሶያማ ቡራዩ ወረደች። ሸዋነሽ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ለገበያ የምታወጣውን ድንች ትለቅማለች፤ ትልቁን ወደ ቀኝ፣ የተበሳውን ወደ ግራ።

«አካም ጅርታ፣ ሶዬ? በዚህ ጭቃ እንዲህ ሆነሽ ትመጫለሽ? ባልሽ ልብ የለውም?»

«ሀርሜ» አለች ሶያማ በኦሮምኛ እናቷን ጠርታ፤ «በእህቴ ስም ልወልድ ነው።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት፤ ካርዱን፣ አሻራውን፣ ቀበሌውን። ነግራ ስትጨርስ ጠበቀች። የመጣችው እምቢ እንድትባል ነበር። ስድስት ዓመት ስሙን ከአፏ ያላወጣች ሴት በማኅተም እንዲጻፍ አትፈቅድም። እናት እምቢ ካለች ሞቲም ዝም ይላል፤ ረኀቡም ቢሆን የጋራ ይሆናል።

ሸዋነሽ የያዘችውን ድንች የትም ሳታኖር ቆየች።

«ወረቀቱ ላይ ይጻፋል?»

«ይጻፋል።»

«የልጅ እናት ተብላ?»

«አዎ።»

«ማኅተም ያርፍበታል?»

«ያርፍበታል፣ ሀርሜ።»

«ላሊሴ» አለች ሸዋነሽ።

ስሙ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። ደግማ አለችው፤ ሁለተኛው ቀለለላት። የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። «ላሊሴ እኮ ሳትወልድ ነው የሄደችብኝ። ዘር ሳይቀርላት። እንግዲህ እሷም ትውለድ።»

ሶያማ፣ ገና ልጅ ሳለች ከትምህርት አስቀርተው ደብተሯን በነጠቋት ጊዜ በነበራት ድምፅ፣ «እኔስ፣ ሀርሜ?» አለች።

«አንቺማ አለሽ» አለች ሸዋነሽ፤ ድንቹንም ወደ ቀኝ አኖረችው።

ሰኞ ሶያማ አሻራ ሰጠች። ክርና መርፌ ያሻከረውን ጣቷን መሣሪያው ሦስት ጊዜ አልቀበልም አለ። እምቢ ባለ ቁጥር ልቧ ተስፋ አደረገ። መዝጋቢዋ ጣቶቿን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋላት በአራተኛው ተቀበለ። ማክሰኞ በላሊሴ ስም አዲስ የክትትል ካርድ ወጣ። ረቡዕ ወይዘሮ አረጋሽ ወረቀቶቹን አይተው ፈረሙ። «ይኸው፤ ይኼን ያህል ቀላል ነገር ነበር» አሉ። ሐኒ ከሴቶቹ አዋጥታ የአራስ ቅቤ አስያዘቻት፤ «ለላሊያችን» ብላ። ደመወዙም በወሩ መጨረሻ ሳይጓደል ገባ።

በመስከረም ማብቂያ፣ ከቀትር በኋላ፣ ሶያማ ሴት ልጅ ወለደች። ሲስተር ራያ የማዋለጃውን በር ከፍታ ወደ መተላለፊያው ተጣራች።

«የላሊሴ ገርባ ሰው!»

ሞቲ የማን ሰው እንደሚነሣ ዞር ዞር ብሎ አየ። ሸዋነሽ ግን ተነሥታ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች። «እናቷ ነኝ።»

ሕፃኗን በሱሉልታው ብርድ ልብስ ጠቀለሏት። ሶያማ አጥብታት ስታበቃ ሲስተር ራያ የልደት ማሳወቂያውን ሞልታ አልጋው ላይ አኖረችላት።

ፆታ፣ ሴት። ክብደት፣ ሦስት ኪሎ ከመቶ ግራም። የአባት ስም፣ ሞቲ ኢብሳ። የእናት ስም፣ ላሊሴ ገርባ። የእናት ዕድሜ፣ ሃያ ስምንት።