የእናት ወገን የማይጠይቅ ፎርም

አቦ፣ ጥፋቱ የራሴ ነው፣ አልቀጥፍም። ለወሰን ታዛቢነት፣ ማለት ሁለት ወገን የሚጣላበትን ቦታ አይቶ ሪፖርት ለማቅረብ፣ ስመዘገብ ፎርሙ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብሎ አበቃ። ስለ እናት ወገን ምንም አልጠየቀኝም። ከታች ግን «ዘመድ ያለበትን ቦታ መታዘብ ክልክል ነው» ይላል። እያየሁ ፈረምኩ። ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቼ ተቀምጬ ነበራ።

የደረሰኝ ቦታ የአብቲ ዲሪር ሆነ። አብቲ የምለው የእናቴ ወንድም ስለሆነ ነው፤ አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። ሁለቱ ወገኖች የሚጣሉበትን የውሃ ጉድጓድ በእሾህ ያጠሩት የእሱ ሰዎች ናቸው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ከወዲያኛው ወገን ሁዶ የምትባል ሴት አለች። ላሞቿ ውሃ ካገኙ አምስት ቀን ሆኗቸው ሁለቱ ሞተውባታል። የእኔ ሪፖርት ተነቦ ከጸደቀ አጥሩ በማግስቱ ይነሳል።

ሪፖርቱ በሚነበብበት ዋዜማ አብቲ ቤታችን መጣ። ጫቱን እየቀነጠሰ «አላየሁም በይ» አለኝ።

«አይቻለሁ እኮ።»

«እንግዲያው አጎቴ ነው በያቸውና ሪፖርቱ ይሰረዝ። ካነበብሽው ግን የእናትሽን ደጅ እንዳትረግጪ።»

ንዴቱ አናቴ ላይ ወጣ። ዝምድናውን ባወጣው ሁዶ ከብት አልባ ልትቀር ነው። ሪፖርቱን ባነበው እናቴን ላጣ ነው። የት አባቴ ልግባ?

በነጋታው ከዚራ ሰፈር ባለው ቢሯችን የሁለቱም ወገን ሰዎች ተሰበሰቡ። እንደ ደንባችን ሪፖርቱን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ፤ ያየሁትን አንድም ሳልደብቅ።

አብቲ ብድግ አለ። «የእህቴ ልጅ ናት» አለና ተቀመጠ።

ይሄኔ ሁዶ ተናገረች። «በገዛ አጎቷ ላይ መሰከረች። ከዚህ በላይ ምን እውነት ትፈልጋላችሁ?»

የአብቲ ወገን ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ልክ ናት አሉ። የቡድናችን ኃላፊ አቶ ሽመክት ግን ደንቡን ገልጠው አነበቡ፤ ሪፖርቱን ሰረዙ፤ የታዛቢነት መታወቂያዬንም ተቀበሉኝ። ሌላ ታዛቢ እስኪመደብ ሦስት ሳምንት ይፈጃል አሉ። ሁዶ ሻሿን አጥብቃ ስትወጣ ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። ምን ብዬ ላስቁማት?

ስወጣ አብቲ ባጃጅ አስቁሞ ይጠብቀኛል። ሪፖርቱ ስለተሰረዘ ንዴቱ በርዶለታል።

«ነይ፣ እናትሽ ሩዝ ሠርታለች» አለኝ።

ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። የምሄድበት ሌላ ቤት አልነበረኝም። ጠጋ አለልኝ፣ ገባሁ።